ስለ ክትባት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክትባት ሲነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ወሬ ነው የሚሰማው። አንዱ «ምንም አያደርግም፣ ዝም ብለህ ተወጋ» ይላል። ሌላው «መርዝ ነው፣ ልጅህን እንዳታስነካ» ይላል። የመጀመሪያው ለእውነቱ በጣም ይቀርባል፤ ግን እሱም ሙሉውን አይናገርም። ክትባት አደጋ አለው። ዋናው ነገር አደጋው ምን ያህል ነው፣ ከምን ጋር ሲተያይስ ነው የሚለው ነው። ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክትባት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምንድን ነው የሚሠራው?

ክትባቱ ራሱ ጀርም አይገድልም። የሚገድለው የራሳችን ሰውነት ነው። ክትባቱ ሰውነታችንን አስቀድሞ ከጀርሙ መልክ ጋር ያስተዋውቀዋል፣ በቃ።

ክንዳችሁን ተወጋችሁ እንበል። መርፌው የጀርሙን ቁራጭ ወይም የተዳከመውን ጀርም ጡንቻ ውስጥ ትቶት ይወጣል። አካባቢውን የሚቃኙ ሴሎች እንግዳውን ነገር ይውጡና ብብት ሥር ወዳለው ንፍፊት ይዘውት ይሄዳሉ። አንዳንድ ሰው ከተከተበ በኋላ ብብቱ ሥር የሚያብጠው ለዚህ ነው። ሥራው ያለው እዚያ ነዋ። ንፍፊቱ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ የሚለየው አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው። አብዛኞቹ የመጣውን እንግዳ አያውቁትም፣ ያልፉታል። ጥቂቶቹ ግን ልክክ ይልላቸዋል። እነዚያ ጥቂቶች መባዛት ይጀምራሉ። ከዚያም ጀርሙ ላይ ተጣብቆ የሚያሰናክለውን ፕሮቲን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካልን ያመርታሉ።

ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሥራው ሲያልቅ ከተባዙት ሴሎች አብዛኞቹ ይሞታሉ። የተወሰኑት ግን ያዩትን ይዘው ለዓመታት ይቆያሉ። ትክክለኛው ጀርም የመጣ ቀን ሰውነት ከዜሮ አይጀምርም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርሳል። በበሽታና በሰውነት መካከል ያለው ነገር የጊዜ ሽቅድምድም ነው። ክትባት የሚያተርፍልን ያቺን አንድ ሳምንት ነው።

ታዲያ በሽታውን ራሱን ነው እንዴ የሚወጉን?

እንደ ክትባቱ ነው። አንዳንዱ ሕይወት ያለው ግን የተዳከመ ጀርም ነው፤ የኩፍኝ፣ የቢጫ ወባ እና የሳንባ ነቀርሳ ክትባቶች እንዲህ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳው አሠራር ትዕግሥትን ያስተምራል። ካልሜትና ጌራን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የከብት ሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ለ13 ዓመት፣ 230 ጊዜ ያህል ከአንድ መራቢያ ወደ ሌላ እያዛወሩ አሳደጉት። በመጨረሻ ባክቴሪያው የማሳመም ጉልበቱን አጣ። በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ዛሬም የብዙ ሰው ክንድ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ የዚህ ክትባት ናት።

ሌላው ዓይነት ሙሉ በሙሉ የተገደለ ጀርም ነው። በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቶች ከዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ቁራጭ ብቻ ነው። ለምሳሌ በሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውስጥ ያለው የቫይረሱ ውጫዊ ፕሮቲን ነው፤ የሚመረተውም እርሾ ውስጥ ነው። ቫይረሱ ራሱ የለም። ስለዚህ ሊያሳምም የሚችልበት መንገድም የለም።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ ለየት ይላል። ሰውን የሚገድለው ባክቴሪያው ሳይሆን የሚረጨው መርዝ ነው። ስለዚህ ክትባቱ መርዙን በኬሚካል አምክኖ ለሰውነት ያሳየዋል። የሚገርመው፣ በመንጋጋ ቆልፍ ታሞ የተረፈ ሰው እንኳን መከላከያ አያገኝም። መርዙ በጣም በትንሹ ስለሚገድል ሰውነት ሊያጠናው የሚበቃ መጠን አይደርሰውም። እና ከበሽታው የዳነም ሰው መከተብ አለበት።

ክትባትን ማን ጀመረው?

በብዛት የሚጠራው ስም ኤድዋርድ ጄነር ነው። በ1796 ይህ እንግሊዛዊ ሐኪም ላም ከምታልብ ሴት እጅ ላይ የላም ፈንጣጣ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የ8 ዓመት ልጅ ክንድ ላይ አስገባ። በኋላ ልጁን ለእውነተኛው ፈንጣጣ አጋለጠው፤ አልታመመም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም፤ ደግሞም መኖር የለበትም። ግን ከጄነር በፊትም እስያና አፍሪካ ውስጥ ሰዎች የፈንጣጣ ቁስል ቅርፊትን ወይም ፈሳሽን ለጤነኛ ሰው እየሰጡ ቀለል ያለ ሕመም እንዲያልፍበት ያደርጉ ነበር። ሐሳቡ ከሱ ይቀድማል።

ፈንጣጣ ከያዛቸው ሰዎች ከ10ሩ 3ቱን ያህል ይገድል ነበር። በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ዛሬ የፈንጣጣ ክትባት ለሕፃናት የማይሰጠው ሥራውን ስለጨረሰ ነው።

ኤምአርኤንኤ የሚባለው ክትባት ዘረ መላችንን ይቀይራል?

አይቀይርም። ዘረ መላችን የተቀመጠው በሴሉ አስኳል ውስጥ ነው። ኤምአርኤንኤ መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውል ነው፤ አስኳሉ ውስጥ አይገባም። ውጭ ሆኖ «ይቺን ፕሮቲን ሥራ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ሴሉ መልእክቱን አንብቦ ፕሮቲኗን ይሠራል፤ መልእክቱ ራሱ ግን በቀናት ውስጥ ይበጣጠሳል።

«በአንድ ዓመት ተቻኩለው የሠሩት» የሚለው ወሬም ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው። በዚህ መንገድ የተሠራው የኮቪድ ክትባት በርግጥ በፍጥነት ነው የደረሰው። ቴክኖሎጂው ግን ቆይቷል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የተባሉ ተመራማሪዎች ዋናውን እንቅፋት ያለፉበትን ጥናት ያወጡት በ2005 ነበር። የኖቤል ሽልማቱ በ2023 መጣ።

ጤነኛ ሆኜ ሄጄ ለምን ታምሜ ተመለስኩ?

ትኩሳት፣ የተወጋው ቦታ ማበጥና መቅላት፣ ድካም፣ ራስ ምታት የተለመዱ ናቸው። ሰውነት ሥራ መጀመሩን ነው የሚያሳዩት። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ምንም ካልተሰማችሁም አትጨነቁ፤ አልሠራም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ትኩሳት እንዳይመጣበት» ብሎ ሕፃኑን ሳይከተብ በፊት ፓራሲታሞል ማጠጣት በጅምላ አይመከርም። ቀድመው የተሰጣቸው ሕፃናት የፀረ እንግዳ አካላቸው መጠን ዝቅ ብሎ የታየበት ጥናት አለ። ትኩሳቱ መጥቶ ልጁን ካስቸገረው ግን መስጠት ይቻላል። ለትኩሳት ብሎ አስፕሪን ለልጅ በጭራሽ አይሰጥም።

ከባድ ጉዳት የለውም? እውነቱን ንገሩን።

አለው፣ ግን ብርቅ ነው። በዝርዝር እንየው፤ «አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል ብቻውን ማንንም አያሳምንም።

ሁሉም ክትባት ላይ ሊደርስ የሚችለው ከባድ አለርጂ ነው። ከአንድ ሚሊዮን መርፌ አንድ ገደማ ላይ ይከሰታል። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጀምር እዚያው ሊታከም ይችላል። «ቶሎ አትሂዱ፣ 15 ደቂቃ ተቀመጡ» የሚሏችሁ ለዚህ ነው። እንደ ቀልድ አትዩት፣ ተቀመጡ።

ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት ከ3,000 እስከ 4,000 መርፌ አንድ ጊዜ ያህል ከትኩሳት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ይህም ክትባቱ ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ለወላጅ እጅግ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቋሚ ጉዳት ጥሎ አያልፍም። ይኸው ክትባት ከ30,000 እስከ 40,000 ልጆች በአንዱ ላይ ደምን የሚያረጋውን ሴል ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል።

በአፍ በጠብታ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስላለበት በጣም አልፎ አልፎ ራሱ ሽባነት ያመጣል፤ ከ2.7 ሚሊዮን ጠብታ አንድ ገደማ። ከዚህ በተጨማሪ ክትባት በደንብ ባልተዳረሰበት አካባቢ የተዳከመው ቫይረስ ከሰው ሰው እየተላለፈ ጉልበቱን ሊመልስ ይችላል። ብዙ አገሮች ወደ መርፌው የተሸጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም በዚሁ ጠብታ ነው በ1988 በዓመት 350,000 ሰው ይይዝ የነበረው ፖሊዮ ከ99 በመቶ በላይ የቀነሰው።

የኮቪድ ክትባቶችም የራሳቸው ነበራቸው። ኤምአርኤንኤዎቹ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በብዛት ከሁለተኛው መርፌ በኋላ፣ የልብ ጡንቻ ብግነት አምጥተዋል። ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም አገግመዋል። የአስትራዜኔካው ደግሞ ብርቅ ግን አደገኛ የሆነ የደም መርጋት ስላሳየ በ2021 ብዙ አገሮች ለወጣቶች መስጠቱን አቁመዋል።

የማምረቻ ስሕተትም ተፈጥሯል። በ1955 አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱ በደንብ ሳይሞት የወጣ የፖሊዮ ክትባት ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ሽባ አድርጓል፤ 10 ሰዎች ሞተዋል። የክትባት ቁጥጥር የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለእኔ በጣም የሚነግረኝ ሕፃናትን በከባድ ተቅማጥ የሚያጠቃው የሮታ ቫይረስ ክትባት ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ክትባት በ1998 ተፈቀደ። ከ10,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ አንጀት ወደ አንጀት እንዲገባ እንደሚያደርግ ታየ። በ1999 ከገበያ ወጣ። ቀጥለው የመጡት ሁለት ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት ላይ ተፈተኑ፤ እንዲህ ያለውን ብርቅ ጉዳት በጥቂት ሰው ላይ ማየት ስለማይቻል ነው። ይህ ታሪክ ለአንዳንዱ «አየህ፣ ይጎዳል» ማለት ነው። እኔ ግን የማየው ጉዳቱ መታየቱንና ክትባቱ መነሳቱን ነው።

ኩፍኝ እኮ ሁላችንም አልፎብናል። ታሞ መዳን አይሻልም?

ታሞ የዳነ ሰው ጠንካራ መከላከያ ያገኛል፤ ይሄ እውነት ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። «ሁላችንም አልፎብናል» የሚሉት ደግሞ የተረፉት ናቸው። ያልተረፉት ምን እንደሚሉ መጠየቅ አይቻልም።

ጥሩ ሕክምና ባለበት ቦታ እንኳን ኩፍኝ ከያዛቸው 1,000 ልጆች ከ1 እስከ 3 ይሞታሉ። ከ1,000 አንዱ ገደማ የአንጎል ብግነት ይይዘዋል፤ ይህ ሊያደነቁር ወይም አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ክትባቱ ከሚያመጣው ከባድ አለርጂ፣ ከአንድ ሚሊዮን አንድ ገደማ ከሆነው፣ ጋር አስተያዩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ኩፍኝ የሰውነትን ትዝታ ይሰርዛል። ቫይረሱ የሚያጠቃው እነዚያኑ ያዩትን የሚያስታውሱ ሴሎች ነው። በ2019 በወጣ ጥናት፣ ሳይከተቡ ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ቀድሞ ከነበራቸው ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኝተዋል። ማለትም ልጁ ከኩፍኝ ድኖ በሌላ፣ ቀድሞ በተሻገረው በሽታ ሊወድቅ ይችላል። ከኩፍኝ ወረርሽኝ በኋላ ልጆች በሳንባ ምችና በተቅማጥ የሚጎዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኦቲዝም ያመጣል የሚባለውስ?

አያመጣም። ወሬው የት እንደተነሳ ይታወቃል። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን የሚከላከለውን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ጥናቱ የተመሠረተው በ12 ልጆች ላይ ነበር። በኋላ የልጆቹ መረጃ እንደተዛባ፣ ሐኪሙም ክትባት አምራቾችን ሊከሱ ከተዘጋጁ ጠበቆች ገንዘብ እንደተቀበለ ተጋለጠ። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው። ሐኪሙም በዚያው ዓመት ፈቃዱን ተነጠቀ።

በ2019 የታተመ የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሏል። ይህን ክትባት በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል በኦቲዝም ልዩነት አላገኘም።

ግን ወላጆች ዝም ብለው አይደለም የሚጠረጥሩት። የኦቲዝም ምልክት ጎልቶ የሚታየው ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ የኩፍኝ ክትባትም የሚሰጠው በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነው። ሁለቱ ነገሮች ሲከታተሉ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል። እንዲህ የምታስብን እናት «መሃይም» ማለት ነውር ነው። ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ መልሱ ተፈልጎ ተገኝቷል፣ እሱን መንገር ነው።

መሃን ያደርጋል ይባላል።

ይህ ወሬ በብዛት የሚወራው ለልጃገረዶች ስለሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር ክትባትና ለነፍሰ ጡሮች ስለሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነው። ሁለቱም መሃን አያደርጉም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ሲይዝ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ማሕፀንን ማውጣት ነው። በወንዶች በኩል ደግሞ የወንድ ዘር ፍሬን አሳብጦ የሚጎዳው ጆሮ ደግፍ ነው፤ ለእሱም ክትባት አለው። የመንጋጋ ቆልፉ መርፌ ለነፍሰ ጡሯ ሲሰጥ የእናትየው ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ሕፃኑ ገና ሲወለድ ተከላክሎ ይመጣል።

ሜርኩሪና አልሙኒየም አለበት?

በአንዳንዱ አለ። ቲሜሮሳል የሚባለው ማቆያ፣ ለብዙ ሰው የሚሆን ብልቃጥ ተከፍቶ ሲቆይ ባክቴሪያ እንዳያበቅል የሚገባ ነው። በውስጡ ያለው የሜርኩሪ ዓይነት ዓሣ ውስጥ ከሚከማቸው የተለየ ነው፤ ከሰውነትም ቶሎ ይወጣል። የአልሙኒየም ጨው ደግሞ የሰውነትን ምላሽ ያጠነክራል። ከ90 ዓመት በላይ ጥቅም ላይ ውሏል፤ መጠኑም ጥቂት ነው።

በአንድ ቀን ብዙ መርፌ ለሕፃን አይከብድም?

ለወላጅ ማየቱ ይከብዳል። ለሕፃኑ ሰውነት ግን አይከብድም። አንድ ጨቅላ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ በቀን ከክትባቱ እጅግ የሚበልጥ ባክቴሪያ ያጋጥመዋል።

ተከትቤ ታመምኩ። ታዲያ ምኑን ሠራ?

መቶ በመቶ የሚከላከል ክትባት የለም። የኩፍኙ በአንድ መርፌ 93 በመቶ፣ በሁለት 97 በመቶ ገደማ ነው። የኢንፍሉዌንዛው ግን ቫይረሱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በጥሩ ዓመት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። ከበሽታው ባያድንም ከሆስፒታል አልጋ የሚያድን ክትባትም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስሌት አለ። ለምሳሌ ያህል 1,000 ሰው እንውሰድ። 950ው ሁለት ጊዜ ተከትበዋል፤ 50ው አልተከተቡም። ኩፍኝ ሁሉንም አገኛቸው እንበል። ከተከተቡት 3 በመቶው፣ ማለትም 28 ሰው ገደማ ይታመማል። ካልተከተቡት ከ10ሩ 9ኙ ቢያዙ 45 ይሆናሉ። ከታመሙት 73 ሰዎች ከሦስት አንዱ በላይ የተከተቡ ናቸው። «አያችሁ፣ የተከተቡትም ታመሙ» የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ግን ከ950 ውስጥ 28 እና ከ50 ውስጥ 45 አንድ ናቸው እንዴ?

ሌላው ሰው ከተከተበ እኔ ብቀር ምን ይጎዳል?

እንደ በሽታው ነው። በመንጋጋ ቆልፍ ረገድ የሌላው ሰው ክትባት ለእናንተ ምንም አይፈይድም። ጀርሙ ከአፈር በቁስል ነው የሚገባው፤ ከሰው አይተላለፍም።

ኩፍኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ታማሚ መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ያሲዛል። ሰውየው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ሰንሰለቱ እንዲቆረጥ 95 በመቶ ያህሉ ሰው መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ቀሪው 5 በመቶ ደግሞ ባለቤት አለው። መከተብ የማይችሉ ጨቅላዎችና የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሳይከተብ የሚቀር ሰው የእነሱን ቦታ ነው የሚወስደው።

መከተብ የሌለበት ማን ነው?

ለዚያው ክትባት ከዚህ በፊት ከባድ አለርጂ የታየበት ሰው መውሰድ የለበትም። ሕይወት ያላቸው ክትባቶች ለነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው በጣም ለተዳከመ ሰዎች አይሰጡም። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የቢጫ ወባ ክትባት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። መለስተኛ ጉንፋንና ቀላል ተቅማጥ ግን ምክንያት አይሆኑም። ብዙ ልጅ በዚህ ሰበብ ሳይከተብ ይመለሳል።

ክትባቱ እንዳልተበላሸ በምን አውቃለሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሲጠየቅ ግን አይሰማም። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ብዙ ብልቃጦች ላይ ትንሽ ክብ ምልክት አለች፤ በውስጧ ደግሞ አራት ማዕዘን። መጀመሪያ አራት ማዕዘኑ ከክቡ ይነጣል። ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፤ ፍሪጅ ውስጥ ቢመለስም ተመልሶ አይነጣም። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ካለፈው ብልቃጡ ይጣላል። ባለሙያውን «ላየው እችላለሁ?» ማለት መብታችሁ ነው።

ቅዝቃዜም ያበላሻል፤ ይህቺ ምልክት ግን እሱን አታሳይም። አልሙኒየም ያለበት ክትባት በረዶ ከሠራ ጉልበቱን ያጣል። ባለሙያዎች በመነቅነቅ ይለዩታል። ያልተበላሸው እንደ ስስ ጉም እኩል ደፍርሶ ይቆያል። በረዶ የነካው ግን ቅንጣት ይሠራና ቶሎ ወደ ታች ይዘቅጣል።

ቀጠሮ አለፈን። ከመጀመሪያው እንጀምር?

አያስፈልግም። በአብዛኛው ክትባት ላይ ካቆሙበት መቀጠል ነው፤ የተወሰደው አይባክንም። ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ከጠፋም ሳትፈሩ ሂዱ፤ ባለሙያው የቱ ጋ እንደሚጀመር ይወስናል።